ቅዳሜ ማታ ተነሥታ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰች



ባለፈው የካቲት አንድ ሰንበት ቤታችን ውስጥ ሁለት ሆኖ ዋለ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ። ጻባ ጨርሰው፣ ቦርሳቸውን አዝለው ወደ ዓለም ዳርቻ ቲዩል የወጡ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ናችሁና፣ አንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቤት ታዩበት ይሆናል።

ልጃችን ሁለት ዓመት ጻባ አገልግላ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ምግብ ቤት ውስጥ ስታስተናግድ ቆይታ፣ ገንዘብ ሲጠራቀምላት "ኒውዚላንድ ልሄድ ነው" አለችን። ኒውዚላንድ የት እንዳለች ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየነው። ከአውስትራሊያም ወዲያ ማዶ፣ ሁለት ትልልቅ ደሴቶች፣ ከዚያ በኋላ ባሕር ብቻ። "እዚያ ምን አለ?" ብንላት "ተራራ" አለችን። ከጎንደር ተራራ ወርደን የመጣን ሰዎች ነን፤ ልጃችን ተራራ ለማየት ሁለት አውሮፕላን ቀያይራ ሄደች። ይሁን፣ ሄደች። ሁለት ወር ቆየች፤ ፎቶ ትልካለች፣ በየሳምንቱ ዓርብ ሻባት ሳይገባ ትደውላለች፣ እኛም ተመስገን እንላለን።

ታዲያ አንድ ቀን የቤተሰባችን ዋትሳፕ ላይ የትኬት ፎቶ ላከች። ከኒውዚላንድ ቀጥታ ወደ ቤት በመመለስ ፋንታ፣ ከጓደኛዋ ጋር በሃዋይ በኩል ዞራ፣ ከዚያ አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ያለችውን የአክስቷን ልጅ አይታ ልትመጣ ነው። ትኬቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ ከኦክላንድ መነሻ ቅዳሜ 23:55፣ ሆኖሉሉ መድረሻ ቅዳሜ 9:40። ቀኑም ያው፣ ወሩም ያው።

እኛ ቤት የጊዜ ነገር ድሮም አስቸጋሪ ነው። ኩሽናችን ውስጥ ያለው የግድግዳ ሰዓት የእማማ ነው፤ የእናቷ እናት፣ ከእኛ ጋር የሚኖሩት። እሳቸው ከመጡ ጀምሮ ሰዓታቸውን በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የሚሞሉት። ጠዋት 7:00 ሲሆን የኩሽናው ሰዓት 1 ይላል። ልጆቻችን ኩሽና ሲገቡ ስድስት መቀነስ፣ ሲወጡ ስድስት መደመር ከሕፃንነታቸው የለመዱት ሒሳብ ነው። ስለዚህ አባቷ ትኬቱን ይዞ በመጀመሪያ ጥፋቱ የእኛ መስሎት ስድስት ቀነሰ፣ ስድስት ደመረ። ማታ 5:55 ተነሥታ ጠዋት 3:40 ትደርሳለች። ይሄ ደህና ነው፤ ሌሊቱን በራ ጠዋት መድረስ ነው። ግን ጠዋቱ የእሑድ መሆን ነበረበት። ትኬቱ ቅዳሜ ነው የሚለው።

"ተታለለች" አለ አባቷ። "ከመነሣቷ 14 ሰዓት በፊት ደርሳለች እያሉ ነው የሸጡላት። እንዲህ ያለ አውሮፕላን የት አለ?"

ደወልንላት። ሳቀች። "አባዬ፣ መስመሩን አቋርጣለሁ እኮ" አለችው። የምን መስመር? ሊገባን አልቻለም። እሷም መኪና ላይ ነበረች፣ ተቆረጠ።

ያስረዳን ታናሽ ወንድሟ ነው። ብርቱካን አምጥቶ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገበት፤ እዚህ እስራኤል፣ እዚህ ኒውዚላንድ፣ እዚህ ሃዋይ። መሬት በ24 ሰዓት አንድ ዙር ስለምትዞር፣ ዙሩ በ24 ሲካፈል በየ15 ዲግሪው አንድ ሰዓት ይመጣል አለን። ወደ ምሥራቅ በሄድክ ቁጥር ሰዓቱ ይቀድማል፣ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ይዘገያል። ታዲያ አንዱ ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ሄደው ብርቱካኑ ጀርባ ላይ ቢገናኙ፣ አንደኛው "ዛሬ እሑድ ነው" ሌላው "ዛሬ ቅዳሜ ነው" ይባባላሉ። ስለዚህ ቀን የሚቀየርበት አንድ ቦታ የግድ መኖር አለበት። በ1884 መንግሥታት ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ለንደን አጠገብ ያለችውን ግሪንዊችን የቁጥሩ መነሻ አደረጉ፤ የዚያ ተቃራኒ ጀርባው፣ 180 ዲግሪው፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሐል ላይ ይውላል። ሰው የማይበዛበት ውኃ ስለሆነ ቀን የሚቀየረው እዚያ አካባቢ ሆነ።

"እሷ ከኦክላንድ ስትነሣ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው" አለን። "በዚያችው ደቂቃ ሆኖሉሉ ውስጥ ስንት ሰዓት ነው? ከሌሊቱ 1 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው። ግን ገና ቅዳሜ መግባቱ ነው። እሷ ጋ ቅዳሜ አለቀ፣ እዚያ ቅዳሜ ጀመረ። 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትበራለች፣ 9:40 ትወርዳለች።"

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 7,090 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጁ ይሄን በስልኩ ሲያወጣ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሁለቱም ማረፊያዎች ባሕር ጥግ ናቸው፤ የኦክላንዱ ማኑካው የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ነው፣ የሆኖሉሉው ደግሞ አንዱ ማኮብኮቢያ ባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ድንጋይ ላይ ተሞልቶ የተሠራ ነው። ከባሕር ተነሥቶ ባሕር ላይ ማረፍ። እኛ ከአዲስ አበባ ወደዚህ የመጣንበት መንገድ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ 4 ሰዓት በረራ ነው። የእሷ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው፣ ያውም ሁሉም ውኃ።

እማማ ይሄን ሁሉ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። "ስንት ሌሊት ነው መንገዱ?"

በእሳቸው ዘመን ርቀት የሚቆጠረው በሌሊት ነው። በ1984 ታናሽ እህታቸው ከባሏና ከልጆቿ ጋር በሱዳን በኩል ወጣች። ቀን ቀን ተደብቀው ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ። ከመንደራችን እስከ ድንበሩ ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር፤ እማማም በየቀኑ "ዛሬ እዚህ ደርሰዋል፣ ዛሬ እዚያ" እያሉ ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩ አለቀ፤ የደረሰች ወይም ያልደረሰች ብሎ የሚነግር አልመጣም። ሰባት ዓመት ሙሉ። እህታቸው ሱዳን ካምፕ ውስጥ መሞቷን የሰሙት እኛ በ1991 እዚህ መጥተን፣ መርካዝ ክሊታ ውስጥ ባሏ ሊጠይቀን ሲመጣ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት "ደርሻለሁ" የሚለው ቃል እንደ ሌላ ቃል አይደለም። ልጆቻችን ሱቅ ሄደው እንኳ "ደረስን" ብለው እንዲጽፉ ነው ያሳደግናቸው። ይሰለቻቸዋል፣ ግን ይጽፋሉ።

"አንድ ሌሊት ነው፣ እማማ" አላቸው ልጁ።

"አንድ ሌሊት ከሆነ ቅርብ ነው" አሉ።

እናቷ ግን ብርቱካኑን እያየች ዝም ብላ ነበር። ቆይታ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው ልጁን። "ኦክላንድ ሻባት ወጥቶ ነው የምትሳፈረው። ሆኖሉሉ ስትደርስ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ፣ ሻባት ነው እንዴ?"

ልጁ ብርቱካኑን ልጦ መብላት ጀምሮ ነበር። አኘከ፣ አሰበ። "ነው" አለ።

በማግስቱ ደወልን። እናቷ "ትኬቱን ወደ እሑድ ቀይሪው፤ እሑድ ማታ ተነሥተሽ እሑድ ጠዋት ትደርሻለሽ፣ ምን ቸገረሽ" አለቻት። ቀን ለመቀየር የሚያስከፍሉት ገንዘብ የትኬቱን ግማሽ ያህል ነው፤ ደግሞ ጓደኛዋ አለች፣ የማደሪያ ቦታው ተከፍሎበታል። ልጃችን ከጻባ ወዲህ ሻባትን እንደ እኛ አትጠብቅም። ዓርብ ማታ ከእኛ ጋር ቁጭ ትላለች፣ ቅዳሜ ግን ስልኳ ክፍሏ ውስጥ ሲንጫጫ እንሰማለን። አውቀን እንዳላወቅን ነው የምንሆነው። ያን ቀን ግን ነገሩ ወጣ። ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደና በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

"እማዬ፣ እናንተስ በሻባት አልመጣችሁም? በሻባት አይደል አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጣችሁት?"

እውነቷን ነው። ዘመቻ ሰሎሞን የተካሄደው ዓርብና ቅዳሜ፣ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው መጣ። እኛ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤምባሲው ግቢ ገባን፣ ቁጥር ተለጠፈብን፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተወሰድን፣ ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀመጥን። በአንድ ቦይንግ 747 ከ1 ሺህ በላይ ሰው የተጫነው ያን ጊዜ ነው። አባቷ 24 ዓመቱ፣ እናቷ 19 ነበረች፤ ገና አልተጋባንም፣ በተለያየ አውሮፕላን ነው የመጣነው። እማማ በአገር ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃቸውን የሚያጠፉ፣ ቅዳሜ ቀዝቃዛ ምግብ የሚበሉ ሴት ናቸው። በዕድሜያቸው ሰንበት ሽረው አያውቁም። ያን ሌሊት አውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ቆመው፣ "ሰንበት ገብቷል፣ አልወጣም" ብለው ነበር። አንድ ቄስ ናቸው እጃቸውን ይዘው፣ "ነፍስ ለማዳን ነው፣ ውጪ" ብለው ያስወጧቸው። ይሄን ታሪክ ለልጆቹ የነገርናቸው እኛ ራሳችን ነን፤ ሃያ ጊዜ ነግረናቸዋል።

"ያ ነፍስ ለማዳን ነው" አለች እናቷ። "አንቺ ምን ልታድኚ ነው?"

ስልኩ ውስጥ ዝም አለች። ከዚያ "እሺ፣ በኋላ እናወራለን" ብላ ዘጋች። አላወራንም። ለሦስት ቀን አልጻፈችም። እኛም አልጻፍንም። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከሁለታችንም አንዳችን ደውለን ብንሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ግን አንዱ አንዱን እየጠበቀ ቀረን።

ቄሳችን ዘንድ ሄድን። ብርቱካን ይዘን አልሄድንም እንጂ ነገሩን ሁሉ አስረዳናቸው። እሳቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ሳቁ። "ሰንበት ሁለት ጊዜ መጣብኝ ብሎ የሚያዝን ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። "አውሮፕላኑን እሷ ነች የምትነዳው?" "አይደለም፣ አባ።" "ስትሳፈር ሰንበት ወጥቷል?" "ወጥቷል።" "ታዲያ ሰማይ ላይ ሰንበት ቢገባባት ምን ታድርግ፣ ትዝለል?" እሑድ ብትነሣ ይሻል ነበር አሉ፣ አልደበቁንም። ካልሆነ ግን ስትወርድ እዚያ ያሉ ወገኖች እንደሚያከብሩት የቀረውን ታክብር፤ "ደግሞ ልጅቱን አታስጨንቋት" አሉን።

ይሄ ጥያቄ እኛ ቤት የተጀመረ መስሎን ነበር። ልጁ ፈልጎ እንዳነበበልን ግን ከእኛ በፊት ትልልቅ ሊቃውንትን አስጨንቋል። በ1941 ከአውሮፓ ጦርነት ሸሽተው ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ የደረሱ የየሺቫ ተማሪዎች፣ የኪፑር ጾም ሲቃረብ "በዚህ አገር ኪፑር የትኛው ቀን ነው?" ብለው ወደ ኢየሩሳሌም ቴሌግራም ላኩ። የመጣላቸው መልስ አንድ አልነበረም። የቀን መለወጫው መስመር በሃይማኖት ሕግ የት ላይ እንደሚያልፍ ረቢዎቹ አልተስማሙም፤ አንዱ ረቡዕ፣ ሌላው ሐሙስ አለ። ስለ ኒውዚላንድና ስለ ሃዋይም እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ እዚያ የሚኖሩት ማኅበረሰቦች ግን እንደ አገሬው ቅዳሜውን ሻባት አድርገው ይኖራሉ። ከዚያ ደግሞ የሳሞአን ነገር ነገረን። ሳሞአ በዚሁ በረራ አጋማሽ አካባቢ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ለመነገድ እንዲመቻት ብላ በ2011 መጨረሻ ከመስመሩ ወዲያ ወደ ወዲህ ዞረች። ሐሙስ ዲሴምበር 29 ማታ ተኙ፣ ሲነሡ ቅዳሜ ዲሴምበር 31 ሆነ። ዓርብ የሌለው ሳምንት! "ዳቦውን መቼ ጋገሩት?" አሉ እማማ። አጠገቧ ያለችው የአሜሪካ ሳሞአ ግን ስላልዞረች፣ በመካከላቸው በትንሽ አውሮፕላን 40 ደቂቃ የማይሞላ መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ወደ ኋላ ይመልሳል። ቅዳሜ ተነሥቶ ዓርብ መድረስ። ይሄን ስንሰማ የእኛ ልጅ ነገር ትንሽ ቀለለን።

ዓርብ ደወለች። ሁሌ እንደምትደውለው፣ ሻባት እኛ ጋ ሳይገባ። እሷ ጋ ግን ገብቶ ነበር፤ ኒውዚላንድ በዚህ ወቅት ከእኛ 11 ሰዓት ትቀድማለች። ይሄንንም እስከዚያ ቀን አላሰብንበትም፤ ሁለት ወር ሙሉ እየደወለች "ሻባት ሻሎም" ስትለን የራሷ ሻባት ገብቶ፣ ሌሊት ሆኖ፣ እኛ እንዳይከፋን ነቅታ ነበር የምትደውለው። ስለ ጠቡ ማናችንም አላነሣንም። "ነገ ማታ ሻባት ሲወጣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እሄዳለሁ" አለች። እናቷ "ስትደርሺ ጻፊልን" አለቻት፣ ከልማድ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የገባን። ሆኖሉሉ ስትደርስ ሻባት ነው። "ጻፊልን" ማለት ሻባት ሻሪ ማለት ነው። አትጻፊ ብንላት ደግሞ መድረሷን አናውቅም።

እናቷ ስልኩን እንደገና አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ሻማ ለማብራት 10 ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ቅዳሜ ቀን በእኛ ሰዓት 12:55 ላይ ተነሣች። በኩሽናው ሰዓት 7 ሊሆን 5 ጉዳይ። ምሳ ላይ ነበርን። አባቷ ሰዓቱን አየ፣ ምንም አላለም፣ ሁላችንም ግን አወቅን። ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደረዘመ ምን ብለን እንንገራችሁ። ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ሌላ ሰንበት ቢሆን ይሄ ነው ዕረፍቱ። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ ይመስላል፣ ጠጋ ብለን ስንሰማ ግን "አሁን አራት ሰዓት ሄደች፣ አሁን አምስት" እያሉ ነበር።

ሻባት በ18:10 ገደማ ወጣ። ሃብዳላው እንደተደረገ ልጁ ስልኩን ከፈተና በረራውን የሚያሳየውን ካርታ አወጣ። ሰማያዊ ነገር ብቻ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን። ከመንገዱ ከግማሽ በላይ ሄዳለች፣ ሳሞአን አልፋለች፣ ወደ ምድር ወገብ ተጠግታለች። ገና 3 ሰዓት ተኩል ይቀራታል። ውቅያኖስ መሐል ምልክቱ አልፎ አልፎ ይጠፋል፤ "ይሄ የተለመደ ነው፣ መቀበያ ስለሌለ ነው" ይለናል ልጁ። በጠፋ ቁጥር ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። እማማ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና፣ "ይቺ ዝንብ የምታህለው ናት እሷ?" አሉ። በ1984 እንዲህ ያለች ዝንብ ቢኖረን ብለን አሰብን። ማናችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

አንድ ነገር ያን ማታ ነው ያየነው። በክረምት ሃዋይ ከእስራኤል ልክ 12 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ልክ 12፣ አንድ ደቂቃ አይበልጥ፣ አይጎድል። ስለዚህ የግድግዳ ሰዓት ላይ እጆቹ የሚቆሙት አንድ ቦታ ነው። የእማማ የኩሽና ሰዓት ያለ ምንም መቀነስና መደመር በሃዋይ ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ያውም እዚያ አበሻ ቢኖር በአበሻ አቆጣጠር! የእኛ ማታ 3:40 የእሷ ጠዋት 3:40። ልጁ ይሄን ሲነግራቸው እማማ ምንም አልገረማቸውም። "እኔ ድሮም ሰዓቴ ትክክል ነው እላችኋለሁ፣ ስትስቁብኝ ኖራችሁ" አሉ።

21:34 ላይ ስልኩ "አርፏል" የሚል ጽሑፍ አመጣ። ከትኬቱ 6 ደቂቃ ቀድማ።

እልል ማለት ነበረብን። አላልንም። ዋትሳፑን ከፈትነው፣ ዝም። 22:00 ሆነ፣ 22:30 ሆነ። ስሟ ሥር ያለው "መጨረሻ የታየችው" የሚለው ከትናንት አልተንቀሳቀሰም። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ረጅም ነው አለ አባቷ። 23:00 ሆነ። "አውሮፕላኑ አርፏል አላችሁ እንጂ እሷ ደርሳለች አላላችሁም" አሉ እማማ። "ስልኩ አይቷታል?" ለዚህ መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

እናቷ መልእክት ጻፈች፣ አጠፋች። ጻፈች፣ አጠፋች። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ልጅሽ እንድትጽፍልሽ እየለመንሽ፣ በዚያው ልብ ደግሞ እንዳትጽፍ መለመን። ብትጽፍ እፎይ እንላለን፣ ሻባትም ተሻረ። ዝም ካለች ወይ ሻባት እየጠበቀች ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሆናለች፣ ወይ ደግሞ ተኮራርፈን ነውና ሆን ብላ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? አባቷ ለሦስተኛው ነው የፈራው። "ስለ ሻባት ያን ያህል ባንጫናት ኖሮ ይሄኔ ጽፋ ነበር" አለ። በዚያ ሌሊት ተጣላን፣ እኛም እርስ በርስ። ምን ተባባልን የሚለውን እንተወው።

ልጁ ተኛ። እኛ ሳሎን ሶፋው ላይ እንደተቀመጥን አሸለበን። እማማ አልተኙም፤ ሌሊት ውኃ ልንጠጣ ስንነሣ ኩሽና ውስጥ መብራት ሳያበሩ ከሰዓታቸው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው።

እሑድ ጠዋት 7:20 ላይ፣ በኩሽናው ሰዓት 1:20፣ ስልኩ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፣ ሦስት ደቂቃ። ከበስተጀርባ ማዕበል ይሰማል፣ ሰው ይስቃል።

"እማዬ፣ አባዬ፣ እማማ፣ ደርሻለሁ። ጠዋት ነው የደረስኩት። አትቆጡኝ፣ ስልኬን አልከፈትኩም። አሁን ነው እዚህ ሻባት የወጣው፣ ሦስት ኮከብ ቆጥሬያለሁ፣ አንዱ አውሮፕላን ሳይሆን አይቀርም።" ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አልዋሻችሁም፣ ከአየር ማረፊያው በአውቶቡስ ነው የመጣሁት፣ ጓደኛዬ ከፈለችልኝ። በእግር አራት ሰዓት ነው አሉን፣ ከነቦርሳው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ግን ባሕሩ ዳር ቁጭ አልኩ፣ ምንም አላደረግኩም። ምሳ ትናንት ይዤው የመጣሁትን ዳቦ በላሁ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ እማማ። እማዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሻባት በጣም ረጅም ነው። ሁለተኛ አላደርገውም። ግን የምጽፍላችሁ ስለመሰለኝ፣ ማለቴ እንደምትጠብቁ ስለማውቅ፣ ቀኑን ሙሉ ስልኩን በእጄ ይዤ ነበር።"

እማማ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አሰሙኝ አሉ። ሁለተኛው ላይ "ደርሻለሁ" የምትለው ጋ ሲደርስ "እዚህ ጋ አቁመው" አሉ። አቆምነው። ተነሥተው ክፍላቸው ገቡና እስከ ምሳ ተኙ።

ለቄሳችንም ነገርናቸው፣ አውቶቡሱንም ጨምረን። "አውቶቡሱን እኔ አልሰማሁም" አሉ።

ከሆኖሉሉ ሎስ አንጀለስ 4,100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ5 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያኛውን ትኬት ስትልክ እናቷ ዓይኗን መጀመሪያ ያሳረፈችው ሰዓቱ ላይ አይደለም፣ ቀኑ ላይ ነው። ረቡዕ ተነሥታ ረቡዕ ትደርሳለች። "ይሄ ደህና ትኬት ነው" አለች፣ ለእማማም አሳየቻቸው።